አሥራ ሰባት ቁጥር

ከሉኬ ወዲያ ማዶ፣ ከልምምዱ ሜዳ ጀርባ፣
ጣሪያዋ ዝቅ ያለ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባ፣
አንዲት ክፍል አለች፤
ኛ ሩሚልዳ እዚያ ስም ስትሰፋ ትውላለች።
(«ኛ» ማለት በእነሱ አፍ «እመት» እንደማለት ነው፤
ሽበትን የሚያከብር፣ ቅብጥብጡን ልጅ የሚገራው።)

ስም የሚያትመው ማሽን ከተቃጠለ ወር ሆነው፤
ፌዴሬሽኑ «ነገ» ይላል፣ ነገም ሌላ ቀጠሮ ነው።
ስለዚህ በእግር መኪና፣ ስለዚህ በመርፌ ጫፍ፣
ሃያ ስድስት ማሊያ ላይ ሃያ ስድስት ስም ልትጽፍ፣
ቀይና ነጩን መስመር ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣
ክሩን በምላሷ አርጥባ፣ ቀዳዳውን ሦስቴ ስታ፣
በአራተኛው ታገኘዋለች።

የፓራጓይ፣ የኢታውጓ ልጅ ናት፤ እናቷ ዳንቴል ሠሪ፣
የሸረሪት ድር የሚሉትን በነጭ ክር አሳማሪ።
«ክር አይዋሽም» ትል ነበር፣ «ያሰርሽው ይታሰራል፤
የፈታሽው ግን፣ ልጄ፣
ቀዳዳው ይመሰክራል።»

በመስኮቷ ታያቸዋለች፣ ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ፤
አሰልጣኙ ሲያፏጭ፣ ሲቆጣ፣ ድምፁ ከጩኸት ብዛት ሻክሮ፤
ተከላካዮቹን በአንድ ገመድ ያሰራቸው ይመስል፣
አብረው ወደፊት፣ አብረው ወደኋላ።
በረኛው ከቀይ አፈር ላይ ወድቆ፣ ደግሞ ተነስቶ።
ከሁሉ ኋላ የሚወጣው፣ ኳስ ለቅሞ፣ አጥሩን ዘግቶ፣
ካንዬቴ ነው፤ ዊልፍሪዶ፣ የግራ ክንፉ ልጅ፣
«ስሜ አስቸገረዎት፣ ኛ?» የሚላት ሲያልፍ በደጅ።
እውነቱን ነው።
ስድስት ፊደል ብቻ ቢሆን፣ ሦስተኛዋ መከራ ናት፤
እንደተነሳ ቅንድብ የምትወዛወዝ ጭረት አለች በአናት፤
እሷን ብቻ ስትጠመዝዝ ሌሊቱ ተጋመሰባት።

ሐሙስ፣ በመጨረሻው ልምምድ፣
ማንም ሳይነካው፣ ብቻውን፣ ኳሷም ሩቅ ሳለች፣
ጉልበቱ እንደ ደረቅ እንጨት
ቋ አለች።
ፊሽካው ዝም። ሜዳው ዝም።
ማንጎው ላይ አንድ ወፍ ብቻ፣ ነገሩ ያልገባው፣ ይጮሃል።

ማታ ትጥቅ ያዡ ኤሊሂዮ ኮፍያውን እያሻሸ፣
ወረቀት ዘረጋላትና ከዓይኗ ሸሸ።
«አሥራ ሰባት ቁጥርን ይተርትሩት ይላሉ።
በምትኩ ‹ሶቶ› ይጻፉ፤ አጭር ነው… ልጁም ጎበዝ ነው አሉ።»

ድር ሲያብር አንበሳ እንዲያስር፣ ይኼን ነግረውናል አበው፤
ሲተረተርስ ምን ይሆናል? እሱን ማን ጠይቋቸው?

ምላጭ አነሳች። ከመጨረሻዋ ፊደል ጀመረች፤
እንደ ቁስል ስፌት፣ እፍ እያለች፣ ክር በክር መዘዘች።
ቅንድቧን አቆየቻት።
ከዚያም እሷን።
«ሶቶ» ተሰፋ። ግን አራቱ የስድስቱን ቦታ አይሞላም፤
በውሃ ቢታሽ፣ በካውያ ቢዳመጥ፣ የመርፌ ዱካ አይጠፋም።

ቅዳሜ አውቶብሱ ሊነሳ፣ ከበሮው፣ ሆታው፣ ባንዲራው፣
ሚኒስትሩ ንግግር ሲያረዝም፣ ማንም ሳይሰማው፣
ዊልፍሪዶ በክራንች መጣ።
ጎንበስ ብሎ መግባት አቃተው፤ መቃኑን ተደግፎ ቆመ።
«ስሜ…» ብሎ ጀመረና ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም።
እሷም ምንም አላለችም።
እዚያ አገር ቅጠል ዘፍዝፈው በበረዶ ውሃ ይጠጣሉ፣
ከበሬ ቀንድ በተሠራ ዋንጫ፣ ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፉ።
ሞላችለትና ሰጠችው።

ውጭ ሕዝቡ «ዋንጫ! ዋንጫ!» እያለ አስፋልቱን ሲያናውጠው፣
ክራንቹን ግድግዳ አስደግፎ፣
በአንድ እግሩ፣ በጠባቡ ደጅ፣
በሁለት እጁ
ዋንጫውን አነሳ።

ጠጣ። መለሰላት።
እሷም ለራሷ ቀዳች።